ስማቸውን የተነጠቁ ልጆች የኳስ ዘመን

ጨዋታ ከሕዝብ ታሪክ ተነጥሎ አያውቅም። ተጫዋች ወደ ሜዳ ሲገባ የመጣበት ሕዝብ ቁስልና ተስፋ አብሮት ይሰለፋል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምስክሮች አንዱ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ይገኝ የነበረው የካርላይል ትምህርት ቤት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1912 ያሳለፈው የውድድር ዘመን ነው።

ካርላይል በተለምዶ «ቀይ ሕንዶች» ይባሉ ለነበሩት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች የተቋቋመ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 በአሮጌ የጦር ሰፈር ውስጥ የከፈተው ሪቻርድ ሄንሪ ፕራት የተባለ የጦር መኮንን ነው። ፕራት ዓላማውን አልሸሸገም፤ በልጁ ውስጥ ያለውን ሕንድ ገድሎ ሰውየውን ማዳን እንደሚሻ በአደባባይ ተናግሯል። ከ140 በላይ ከሚሆኑ ነገዶች የተሰበሰቡት ልጆች ገና እንደ ደረሱ ጸጉራቸው ተሸለተ፤ የእናታቸውን ቋንቋ መናገር ተከለከሉ፤ የእንግሊዝ ስም ተሰጣቸው። ብዙዎቹም በበሽታ አልቀው በዚያው ግቢ ተቀበሩ።

የአሜሪካ እግር ኳስ ስሙ እንጂ ግብሩ ከእግር ኳስ የራቀ ነው። ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥ፣ በመወርወርና ተጋጣሚን በሰውነት ገፍቶ በመጣል ይካሄዳል፤ ቡድኑ መሬት እያስለቀቀ ወደ ተቃራኒው የመጨረሻ መስመር ይገፋል። ፕራት ጨዋታውን የፈቀደው ተማሪዎቹ ከነጮች ጋር መወዳደር እንደሚችሉ ለማሳየትና ትምህርት ቤቱን ለማስተዋወቅ ነበር። መሬቱን የተነጠቀ ሕዝብ ልጆች መሬት የማስለቀቁን ጨዋታ በዚህ ሁኔታ ከነጣቂዎቹ ተማሩ።

ተማሩና አሻሻሉት። የካርላይል ተጫዋቾች በሀርቫርድና በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ካሉት ተጋጣሚዎቻቸው በክብደት ያንሱ ስለ ነበር ጉልበትን በፍጥነትና በብልሃት መመለስ ግድ ሆነባቸው። ኳስን ወደ ፊት መወርወር እ.ኤ.አ. በ1906 በሕግ ሲፈቀድ ትልልቆቹ ቡድኖች አመነቱ፤ ካርላይል ግን በአሠልጣኙ በግለን ዋርነር መሪነት በማግሥቱ ዓመት ውርወራውን ዋና መሣሪያው አደረገው። አሳሳች ሩጫና ድንገተኛ የአሰላለፍ ለውጥ የቡድኑ መታወቂያ ሆኑ።

የ1912ቱ ቡድን የዚህ ጥበብ ፍሬ ነበር። ከተጫዋቾቹ መካከል ጂም ቶርፕ ጎልቶ ይታያል። በሳክና ፎክስ ሕዝብ ቋንቋ የተሰጠው ስም ዋ-ቶ-ሁክ ሲሆን ትርጉሙ «ብሩህ መንገድ» ማለት ነው። በዚያው ክረምት በስቶክሆልም ኦሎምፒክ በአምስቱና በአሥሩ ልዩ ልዩ የአትሌቲክስ ውድድሮች ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቶ ተመልሷል። ጨዋታውን የሚመራው ደግሞ ገስ ዌልች የተባለው የኦጂብዌ ተወላጅ ነበር። ቡድኑ ባለፈው ዓመት በአንድ ነጥብ አሸንፎት የነበረውን ሲራኪዩስን 33 ለ0 ረታ። ከ14 ግጥሚያዎች 12ቱን አሸንፎ፣ በአንዱ እኩል ወጥቶ፣ በአንዱ ብቻ ተሸነፈ፤ ያስቆጠረውም ነጥብ 504 ደረሰ።

ከሁሉም የላቀ ትርጉም የነበረው ግን ኅዳር 9 ቀን 1912 በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ሜዳ የተደረገው ግጥሚያ ነው። አካዳሚው የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ማፍለቂያ ነበር። ያ ጦር በመቶ የሚቆጠሩ የላኮታ ሰዎችን፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ፣ በውንድድ ኒ ከፈጀ ገና 22 ዓመቱ ነበር። አባቶች በጠመንጃ የተፋለሙበት ጉዳይ በልጆቹ መካከል በኳስ ቀረበ። ከአካዳሚው ተሰላፊዎች አንዱ በኋላ ዘመን የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ድዋይት አይዘንሃወር ነበር። ካርላይል 27 ለ6 አሸነፈ፤ በዚያ ሜዳ ላይ ማንም ደም አላፈሰሰም፤ የትኛው ወገን እንደ በለጠ ግን ተመልካች ሁሉ አየ።

ይሁን እንጂ ጭብጨባ መብት አይሆንም። በጥር 1913 ቶርፕ ቀደም ሲል በቤዝቦል ጨዋታ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ እንደ ነበር ተጋለጠና ሜዳሊያዎቹ ተነጠቁ፤ ብዙ የኮሌጅ ተማሪዎች ግን በሐሰት ስም እየተመዘገቡ ያንኑ ያደርጉ ነበር። የራሱን ስም መጠቀሙ ጎዳው። ነባር ሕዝቦች በሙሉ የአገሪቱ ዜጎች ናቸው የሚለው ሕግ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1924 ነው።

የተጫዋቾቹ ብስለት በሜዳ ብቻ አልተወሰነም። በማግሥቱ ዓመት ገስ ዌልች የትምህርት ቤቱ አስተዳደር እንዲመረመር የሚጠይቅ አቤቱታ አዘጋጅቶ ከ200 በላይ ተማሪዎችን አስፈረመ። እ.ኤ.አ. በ1914 የምክር ቤት አባላት መርማሪዎች ወደ ካርላይል መጡ። ተማሪዎቹ ስለ ረሃብና ስለ ድብደባ መሰከሩ፤ ከኳስ ስለሚገኘው ገንዘብ አያያዝና ስለ ዋርነር ክፉ አንደበትም ተናገሩ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ተነሣ፤ ዋርነርም ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። በሜዳ በጋራ ማሰብን የለመዱ ወጣቶች፣ ድላቸውን ለማስታወቂያ በተጠቀመበት ተቋም ላይ በጋራ ቆሙ።

ካርላይል እ.ኤ.አ. በ1918 ተዘጋ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ቶርፕን ብቸኛ አሸናፊ አድርጎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2022፣ ከሞተ ከ69 ዓመት በኋላ ነው። ከ2017 ጀምሮም በግቢው የተቀበሩ ልጆች ዐፅም ለየነገዶቻቸው መመለስ ጀምሯል። አንዳንዱ መቃብር ስም የለውም።

የ1912ቱ ዘመን ለመምህርና ለኪነ ጥበብ ሰው የሚተወው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የሰውን ቋንቋና ስም ለማጥፋት የተሠራ ቤት ለልጆቹ አንድ ባዕድ ጨዋታ ሰጣቸው፤ እነርሱም በራሳቸው ፍጥነትና ብልሃት እስኪለወጥ ድረስ ተጫወቱት። ትምህርት ቤቱ ሊገድለው የተነሣው ማንነት በሺህ በሚቆጠር ተመልካች ፊት ሮጠ፤ አሸነፈም።