ሞምባሳ ላይ ስንጠብቅ የዋልንበት ቀን

ዕቃችን ሞምባሳ ወደብ ከገባ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር። ከናይሮቢ በሌሊት አውቶቡስ ወርደን አስተላላፊው ዘንድ ስንደርስ፣ «ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው» አለን። ነፃ ቀኖቹ አልቀዋል፣ የመጋዘን ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል። አራት ሴቶች ቁጭ ብለን ከምንናደድ ብለን በቱክቱክ ወደ አሮጌው ከተማ ሄድን።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሰው፣ ጋሪና ሞተር ይጋፋበታል። ዝንጅብል የገባበት ቡና እያዞሩ ይሸጣሉ (ከኛ ቡና አይደርስም፤ ግን ሁለት ሁለት ስኒ ጠጣን)። መጨረሻው ላይ ባሕሩን ቁልቁል የሚያየው የፎርት ጂሰስ ግንብ ቆሟል።

ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ሞምባሳ በጥርጣሬ ስላየችው ወደ ማሊንዲ አለፈ። በ1541 በምፅዋ ገብቶ አገራችን ላይ ከግራኝ ጦር ጋር ተዋግቶ የተገደለው ክሪስቶቮ የእሱ ልጅ ነው። ፖርቱጋሎች ምሽጉን በ1593 መሥራት ጀመሩ፤ ንድፉ የጣሊያናዊው ካይራቲ ነው።

ለምን እዚህ እንደተሠራ ነጋዴ ለመረዳት አይቸገርም። ከግንቡ ላይ ወደ አሮጌው ወደብ የሚገባው ጀልባ ሁሉ ይታያል። ከዓረብና ከሕንድ ይመጡ የነበሩት ባለ ሸራ ጀልባዎች ከኅዳር አካባቢ ጀምሮ «ካስካዚ» በሚሉት ነፋስ ይገቡ ነበር፤ የሚመልሳቸው «ኩሲ» ግን እስከ ሚያዝያ ገደማ አይነሳም። ነፋስ የሚጠብቅ ነጋዴ ከቀረጥ ወዴት ይሸሻል? እንደኛ እምነት ግንቡ ከጠላት ይልቅ እሱን ነበር የሚጠብቀው።

ጥበቃው ለባለ ምሽጎቹም አልቀረላቸውም። ኦማኖች በ1696 ከበቧቸው፤ ከበባው ሠላሳ ሦስት ወር ገደማ ፈጀ። ውስጥ የነበሩትን ፖርቱጋሎችና ስዋሂሊዎች ከመድፍ ይልቅ በሽታና ረሃብ ጨረሳቸው። በታኅሣሥ 1698 ምሽጉ ተያዘ። ይህን ስንሰማ ስለ አሥራ አንዱ ቀን ማጉረምረማችንን ለጊዜው ተውን።

እንግሊዞች ከ1895 ጀምሮ እስር ቤት አደረጉት፤ እስከ 1958 እንደዚያው ቆየ። አሁን ትልልቅ መርከቦች የሚገቡት ከደሴቲቱ ማዶ፣ ውሃው ጥልቅ በሆነበት ኪሊንዲኒ ነው። አሮጌው ወደብ ላይ ያየነው ጥቂት የእንጨት ጀልባ ብቻ ነው። በሩ ቦታ ቀየረ እንጂ ቀረጡስ አልቀረም።

ከግንቡ ሳንወርድ ስልክ ተደወለ፤ ወረቀቱ ወጥቷል፣ የአንድ ቀን ኪራይ ግን ተጨምሯል። ለአራት ተካፍለን ከፈልንና በማታው አውቶቡስ ተመለስን።