የዶርዜው ነብር
ቀጥተኛውን ፍች ከምሳሌያዊው የመለየት ትምህርት በጋሞ ምድር

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው መንገድ ላይ በምትገኘው በዶርዜ፣ ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብንም ይጾማል የሚል አባባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዶርዜ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮ ያጠና የነበረው ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዳን ስፐርበር ይህን አባባል ከሰማ በኋላ አንድ ነገር ልብ አለ። ነብር ይጾማል የሚለው የዶርዜ ገበሬ በረቡዕና በዓርብም እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ከብቱን ከነብር ይጠብቃል። ጾም ነው ብሎ በረቱን ክፍት ትቶ የሚተኛ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ዓይነት የችኮላ ፍርድ ሊሰጥ ይቻል ነበር። አንደኛው፣ ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የሚያምን የዋህ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ አባባሉ ጌጥ ነው፤ ማንም ከልቡ አይለውም ማለት ነው። ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይኛ ባሳተመው፣ ስለ ምልክታዊ አስተሳሰብ በሚናገረው መጽሐፉ ሁለቱንም አልተቀበለም። ገበሬው ነብር በየቀኑ አደገኛ መሆኑን ከኑሮው ያውቃል፤ ነብር ክርስቲያን መሆኑን ደግሞ ከአባቶቹ ተረክቧል። ሁለቱም ለእርሱ እውነት ናቸው፤ ነገር ግን በአእምሮው ውስጥ የተቀመጡበት ስፍራና የሚሰጡት አገልግሎት የተለያየ ነው። አንደኛው በረት ያዘጋል፤ ሌላው ስለ ጾም፣ ስለ እምነትና ስለ ፍጥረት ያሳስባል። ስፐርበር ከዲየርድሬ ዊልሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ሥራ፣ አድማጭ ከተነገረው ቃል አልፎ የተናጋሪውን ሐሳብ እንዴት እንደሚደርስበት የሚያስረዳ ሲሆን፣ ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር በዓለም ዙሪያ ለሚደረገው ጥናት ዐቢይ መነሻ ሆኗል።

የዶርዜው ገበሬ ሳይቸገር የሚያደርገው ልየታ ለሕፃን ቀላል አይደለም። ዣን ፒያዤ ገና እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ዕድሜያቸው ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ዓመት የሚደርስ ልጆችን ተረትና ምሳሌዎችን ተመሳሳይ ሐሳብ ካላቸው ዓረፍተ ነገሮች ጋር እንዲያዛምዱ ጠይቆ ብዙዎቹ መሳሳታቸውን ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤለን ዊነር፣ አን ሮዘንስቲልና ሐዋርድ ጋርድነር ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ልጆች ስለ አንድ ወህኒ ጠባቂ ተነገራቸው፤ ጠባቂው ከብዙ ዘመን አገልግሎት በኋላ ጠንካራ ዐለት ሆኗል የሚል ነበር። ከታናናሾቹ ከፊሎቹ በአስማት ወደ ድንጋይ ተለወጠ አሉ፤ ሌሎቹ በዐለት መካከል ይሠራ ነበር ብለው ተረጐሙ። ጠባቂው ልቡ የደነደነ ሰው ሆነ ማለት መሆኑን የተረዱት ዕድሜያቸው ከፍ ያሉት ናቸው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ግን አንድ ተስፋ ጨምረዋል፤ ይኸውም ነገሩ ከልጁ ኑሮ የተወሰደ ከሆነና በቃል እንዲያብራራ ሳይገደድ በድርጊት እንዲያሳይ ከተፈቀደለት፣ ትንሹም ልጅ ከተጠበቀው በላይ የሚረዳ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ረጃጅሞቹ የቅኔ ዓይነቶች ሲሸጋገር፣ ሰሙን ከወርቁ እየለየ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማልም። ስያሜው ራሱ ከአንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ነው። ወርቁ ቅርጹን የሚያገኘው ሰሙ አስቀድሞ በደንብ ከተበጀ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት ቀጥተኛው ፍች የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ሰሙን ያላወቀ ወርቁን አያገኝም። ከቅኔ ቤት ውጭም እንቆቅልሽ በየምድጃው ዙሪያ ተመሳሳይ ተግባር ሲፈጽም ኖሯል። በጋሞ ደጋ ደግሞ ሽማግሌዎች በዱቡሻ፣ ማለትም በሕዝቡ መሰብሰቢያ አደባባይ፣ በምርቃት ጀምረው በምሳሌ እያዋዙ ሲናገሩ ልጅ ከዳር ሆኖ ይሰማል።

ችግሩ የመጣው የምድጃውና የአደባባዩ ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ በተለየ ጊዜ ነው። በ1950ዎቹ ዓ. ም. የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አዲሲቱ አርባ ምንጭ ሲዛወር፣ በዚያው ዘመን አማርኛ በመላ አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እየሆነ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ. ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ወላይትኛ ከነዚህ አንዱ ነበር፤ ጋሞኛ ግን አልነበረም። የ1986 ዓ. ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ከፈተ። በ1992 ዓ. ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም መጻሕፍት ለማዘጋጀት የተደረገው ሙከራ በወላይታ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተነሡ። ከዚያም የሰሜን ኦሞ ዞን ተከፋፈለ። ይህ ታሪክ ቋንቋ የቃላት ድምር ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። አንድ ሕዝብ ነገሩን በምን እንደሚመስልና በምን እንደሚቀኝ በኮሚቴ ስምምነት ሊቀላቀል የሚችል አይደለም።

የጋሞ ልጅ በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ «ሆደ ሰፊ» የሚል ሐረግ ሲያገኝ ትልቅ ሆድ ያለው ሰው በዓይነ ኅሊናው ቢሣል፣ ስሕተቱ የማሰብ ጉድለት አይደለም። ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃል፤ የማያውቀው ሐረጉ ትዕግሥተኛን ሰው እንደሚያመለክት ነው። መምህሩ ይህን ሳይለይ ልጁን በክፍል ፊት ቢያስቅበት፣ ልጁ በሌላ ጊዜ እጁን አያወጣም። በእማሬያዊና በፍካሬያዊ ፍች መካከል ያለው ድልድይ የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው።

ለድልድዩ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአካባቢው ሞልቶ ይገኛል። አርባ ምንጭ የሚለው የከተማው ስም ከተዳፋቱ ሥር የሚፈልቁትን ምንጮች ያመለክታል፤ «አርባ» የሚለው ግን ብዛታቸውን ለመግለጽ የተነገረ ሆኖ ይተረጐማል። በጫሞ ሐይቅ ዳር «የአዞ ገበያ» የሚባል ስፍራ አለ፤ አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት እንጂ አዞ የሚሸጥበት አይደለም። አባያንና ጫሞን የሚለየው የየብስ ጕብታ «የእግዜር ድልድይ» ይባላል። መምህሩ፣ «ከአዞ ገበያ ምን ገዝቶ መመለስ ይቻላል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጆቹ ራሳቸው ስቀው ልዩነቱን ይናገራሉ። ሣቁም በልጁ ላይ ሳይሆን በቃሉ ላይ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ ከታወቀው ወደማይታወቀው መሸጋገር ይገባል። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት የዝሆን ፊት ይመስላል ይባላል፤ ይህ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። «እንደ» እና «ይመስላል» ተነሥተው ቤቱ ዝሆን ነው ሲባል ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል። ልጆች ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ምን እንደጎደለና ምን እንደተረፈ ይገነዘባሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረትም የሸማኔ ልጅ ከማንም ይበልጥ ሊረዳው ይችላል። ነጠላው ክር በጣት እንደሚበጠስ፣ ብዙው ክር ተጋምዶ ግን እንደሚጠነክር ከአባቱ መቀመጫ አጠገብ ሆኖ አይቷል። ሰሙ በእጁ ስላለ ወደ ወርቁ የቀረው መንገድ አጭር ነው።

ከሁሉም የላቀውን መመዘኛ ያስተማረው ግን የነብሩ ጠባቂ ነው። አንድ ንግግር በቀጥታ የተነገረ መሆን አለመሆኑ ሲያጠራጥር፣ «ይህ በቀጥታ የሚወሰድ ቢሆን ኖሮ ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ነብሩ በእርግጥ የሚጾም ቢሆን በዓርብ ቀን በረት ባልተዘጋ ነበር። ጥያቄው የአባቶችን ቃል ውሸት አያሰኝም፤ ልጁንም ሞኝ አያደርግም። ቃሉ የት እንደሚሠራ ብቻ ያሳያል።

የዚህ ትምህርት ዋጋ ከፈተና ውጤት በላይ መሆኑን መስከረም 2011 ዓ. ም. አሳይቷል። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎች ላይ የደረሰው ግድያ በአርባ ምንጭ እንደተሰማ፣ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በቀጥተኛ ፍቹ ሣሩ ሣር ነው፤ ማንንም አያግድም፤ ዘልሎት ማለፍ ይቻላል። ወጣቶቹ ያቆሙት እግራቸውን ሣር ስለያዘው አልነበረም፤ የሣሩን ፍች ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ስለነበረ ነው። በአደባባይ ዳር ቆሞ የሰማ ልጅ አድጎ ያንን ሣር አነበበ። የነገው ልጅም እንዲያነበው፣ በየክፍሉ ስለ አዞ ገበያና ስለ ድር የሚቀርበው ትንሽ ጥያቄ ዛሬ መጠየቅ ይኖርበታል።