የሚቃጠል ጭምብልና የሚሸጥ ጭምብል

ባለፈው ዓመት ወደ አውሮፓ ብቅ ባልኩበት ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቱ እራት ጋበዘኝ። ልጁ (አሁንማ ልጅ አይደለም፤ ጸጉሩ ከኔ በላይ ሸብቷል) ድሮ የድራማ ኮርስ ሳስተምር መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዝምተኛ ነበር። ዛሬ ደህና ሥራ፣ ደህና ቤት አለው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ጥቁር የእንጨት ፊት ተሰቅሏል። አፉ ጠመም ያለ፣ አንደኛው ዓይኑ ከሌላው የሰፋ፣ ጥላሸት የጠገበ።

“መምህር፣ ይህን ይዩልኝ። የኔፓል ጭምብል ነው። ጥንታዊ ነው። ጠንቋያቸው ሲያስጠነቁል የሚያጠልቀው ነው አሉኝ” አለኝ። ካትማንዱ ለሽርሽር ሄዶ ነው የገዛው። ስንት እንዳወጣበትም ጆሮዬ ላይ ነገረኝ፤ ባለቤቱ እንዳትሰማ ይመስለኛል። እኔም ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም።

መምህርነት ክፉ ልማድ ነው፤ ጡረታ የለውም። “ይዩልኝ” ያሉትን ነገር አይቶ ዝም ማለት አያስችልም። እናም እራቱ እስኪቀርብ ድረስ ያወራሁትን፣ ከዚያም ወደ ቤቴ ተመልሼ መጻሕፍት ሳገላብጥ ያጠራሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

በአማርኛችን ጭምብል ስሙ አያምርም። “ጭምብሉ ወለቀ” ስንል የአንድ ሰው ተንኮሉ ታወቀ ማለታችን ነው። ጭምብል ያጠለቀ ሰው ወይ ዘራፊ ነው፣ ወይ አስመሳይ ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከኛ ብዙ አይሻሉም። የሚገርመው ግን “ሰው” ለማለት የሚጠቀሙበት “ፐርሰን” የሚለው ቃል የመጣው “ፐርሶና” ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ፐርሶና ደግሞ የቴአትር ጭምብል ነው። ሰው የሆነው መጀመሪያ ጭምብል ነበር ማለት ነው! ይህን ክፍል ውስጥ ሳነሳ ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። የኔፓል ሰው ግን የሚስቅ አይመስለኝም። እዚያ ጭምብል የሚደብቅ ነገር አይደለም። ተደብቆ የኖረውን የሚያሳይ ነገር ነው።

ከካትማንዱ በስተምሥራቅ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ባክታፑር የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። የኔዋር ሕዝብ ከተማ ናት። ኔዋሮች የካትማንዱ ሸለቆ ነባር ነዋሪዎች ናቸው፤ ነጋዴዎች፣ ገበሬዎች፣ በተለይ ደግሞ እጃቸው ወርቅ የሆነ ባለሙያዎች። ሂንዱነትና ቡድሂዝም እነርሱ ዘንድ አጥር ሳይለያቸው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ባክታፑር እ.ኤ.አ. በ1769 በጎርካው ንጉሥ በፕሪትቪ ናራያን ሻህ እስክትያዝ ድረስ የማላ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። የዚህች ከተማ ትልቁ ሀብት፣ ለኔ እንደሚመስለኝ፣ ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሳው ባለ አምስት ጣሪያ ቤተ መቅደስ አይደለም። ናቫ ዱርጋ የሚባሉት ጭምብሎች ናቸው።

ናቫ ዱርጋ ማለት “ዘጠኙ ዱርጋዎች” ማለት ነው። ዱርጋ ክፉ መናፍስትን ድል የምትነሳ ኃያል እንስት አምላክ ናት። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ አማልክቱ በከተማይቱ አጠገብ ባለ ጫካ ይኖሩ ነበር፤ መንገደኛውን እየያዙ ደሙን ይጠጡ ነበር። አንድ ምሥጢር አዋቂ ካህን በድግምቱ አሰራቸውና ቤቱ ወስዶ ሸሸጋቸው፤ በድብቅም ያስጨፍራቸው ጀመር። ሌላ ሰው ካያቸው ግን ውሉ ይፈርሳል። ምን ይሆናል? ሚስቱ አጮልቃ አየቻ! አማልክቱ ሾልከው አመለጡ፤ በመንገዳቸውም አሳማ አርደው በሉ። ካህኑ ቢደርስባቸውም አሳማ የነካ ነገር ወደ ብራህማን ቤት አይገባምና መልሶ ሊወስዳቸው አልቻለም። በመጨረሻ ተደራደሩ፤ አማልክቱ በጭፈራ ሰዎች አካል ላይ እየሰፈሩ ከተማይቱን ሊጠብቁ ተስማሙ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አማልክቱ የሚሰፍሩት በማን ላይ ነው? በካህኑ ላይ አይደለም፤ በንጉሡም ላይ አይደለም። ጨፋሪዎቹ ጋቱ ከሚባለው ወገን የሚወጡ ናቸው። ጋቱ አባት አያቱ አበባ አብቃይ፣ አትክልተኛ ነው። በኔዋር የማኅበረሰብ መሰላል ላይ ዝቅ ካሉት እርከኖች አንዱ ላይ የተቀመጠ። ይህ ሰው ጭምብሉን ባጠለቀ ሰዓት ግን ትናንት ከቁብ ያልቆጠረው ሁሉ እግሩ ሥር ይሰግድለታል። እኛ ዘንድ ዛር የሰፈረበትን ሰው የዛሩ “ፈረስ” ነው እንላለን፤ የሚናገረው ጋላቢው እንጂ ፈረሱ አይደለም። የጋቱም ነገር እንደዚያ ነው። ልዩነቱ የኛ ዛር ያለ ጭምብል መምጣቱ፣ የእነርሱ አማልክት ግን ያለ ጭምብል አለመምጣታቸው ነው። ጭምብሉ ጨፋሪ ሳያጠልቀው ብቻውን ተቀምጦ እንኳ አበባና መሥዋዕት ይቀርብለታል።

ጭምብሎቹን የሚሠሩት ቺትራካር የሚባሉት የሠዓሊ ወገኖች ናቸው። ጭቃ፣ ጨርቅ፣ ጥጥና የአገሩ ወረቀት እያደራረቡ ያቦኩታል፤ ያደርቁታል፤ ቀለም ይቀቡታል። ማሃካሊ፣ ባራሂ፣ ኩማሪ፣ ባይራቭ፣ ጋኔሽ… እያንዳንዱ የራሱ ቀለም፣ የራሱ ምልክት አለው። ዳሻይን በተባለው ታላቅ በዓል፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ፣ አማልክቱ ይወለዳሉ። ከዚያ ወዲያ ወራት ሙሉ ከሰፈር ሰፈር፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ የመሥዋዕት ደም ይጠጣሉ። ከትርዒቶቹ ሁሉ ደስ የሚለኝ “ዓሣ ማጥመድ” የሚባለው ነው። ነጩ ባይራቭ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ይወጣል፤ ዓሦቹ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ልጆቹ ይጠቁሙታል፣ ይሰድቡታል፣ ያበሽቁታል፤ እርሱ ያባርራቸዋል፤ እነርሱ እየጮሁ ይበተናሉ። አምላክን አብሽቆ የማምለጥ ደስታ! ፍርሃትና ሳቅ በአንድ አደባባይ። አርስጣጣሊስ ያየው እንደሆነ ስለ ትራጄዲ የጻፈውን አንድ ሁለት ገጽ የሚሠርዝ ይመስለኛል።

ከዚያስ? ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰኔ ግድም፣ አማልክቱ ይሞታሉ። ጭምብሎቹ እንደ ሰው አስከሬን ይቃጠላሉ። ዝናቡ ወርዶ ሩዝ በሚተከልበት ወቅት ባክታፑር ናቫ ዱርጋ የላትም። አመዱ ግን አይጣልም። ተጠብቆ ይቆይና በሚቀጥለው ዓመት ቺትራካሩ አዲሱን ጭምብል ሲሠራ ከጭቃው ጋር ይቀላቅለዋል።

እንግዲህ “ጥንታዊ” የሚለው ቃል ችግር ላይ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። የናቫ ዱርጋ ጭምብል ዕድሜው ስንት ነው? ካየነው ገና ዓመት አልሞላውም፤ ቀለሙ አልደበዘዘም። ነገር ግን በውስጡ ያምናው አመድ አለ፤ ባምናው ውስጥ የካቻምናው፤ እንዲህ እያለ ወደ ማላ ነገሥታት ዘመን ይወርዳል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ሮበርት ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው “ሜሶኮዝም” በተሰኘ ዳጎስ ያለ መጽሐፉ የባክታፑርን ሃይማኖታዊ ሥርዓት ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርዝሮታል። ለሰብሳቢ ግን ይህ ሁሉ አይመቸውም። ሰብሳቢ የሚፈልገው የማይሞት ዕቃ ነው። እርጅናን በዕቃው ገላ ላይ ማየት፣ በጣቱ መዳበስ ይፈልጋል። እነርሱ እርጅናን በአመድ ያስተላልፋሉ፤ ገዢው በጥላሸት ይለካል።

በእርግጥ ሁሉም የኔፓል ጭምብል አይቃጠልም። በካትማንዱ በኢንድራ ጃትራ በዓል፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ፣ ላኬ የተባለው ቀይ ፊትና ረጅም ጥርስ ያለው ጭራቅ ጸጉሩን እያዘናፈለ ይወጣል። ላኬ ሰው በላ ነበር አሉ፤ ማጂፓ ከተባለ ሰፈር አንዲት ልጅ ወደደና የሰፈሩ ልጆች ጠባቂ ለመሆን ቃል ገብቶ ቀረ። (ፍቅር ስንቱን ጭራቅ ዘበኛ አድርጎታል!) በዚያው በዓል በአሮጌው ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የሚኖረው ግዙፉ የነጩ ባይራቭ የወርቅ ቅብ ፊት ይገለጣል፤ ከአፉም የሩዝ ጠላ ይፈሳል፤ ጎረምሳው እየተጋፋ አፉን ከፍቶ ይጠጣል። ወደ ሰሜን፣ ኤቨረስት ተራራ ሥር፣ የሸርፓ መነኮሳት በቴንግቦቼ ገዳም ማኒ ሪምዱ በተባለው በዓል ጭምብል አጥልቀው የቡድሃን ትምህርት ጠባቂዎች ያስመስላሉ። ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ1934 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሷል፣ በ1989 ደግሞ በእሳት ወድሟል። ሁለቴም መልሰው ሠሩት። ጭፈራውም ቀጠለ።

ወደ ተማሪዬ ግድግዳ ልመለስ። የእርሱ ጭምብል ከነዚህ ከአንዳቸውም ወገን አይደለም። የመካከለኛው ተራራ አካባቢ የሚባል፣ በማጋር፣ በጉሩንግ፣ በራይ ሕዝቦች ስም የሚሸጥ የእንጨት ጭምብል ነው። እነዚህን ጭምብሎች አውሮፓ ይበልጥ የተዋወቃቸው ካለፈው ክፍለ ዘመን ሰባዎቹ ወዲህ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲና ሰብሳቢ ማርክ ፕቲ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለነርሱ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ቁም ነገሩ ግን ጭምብሎቹ ከመንደራቸው የወጡት በነጋዴ ከረጢት መሆኑ ነው። ማን ሠራው፣ በየትኛው በዓል ተጨፈረበት፣ ለሠርግ ቀልድ ነው ወይስ ለቀብር፣ ብሎ የጻፈ ሰው አልነበረም። ባዶውን ቦታ ሻጭ ሞላው። “የጠንቋይ ጭምብል” ሲባል ዋጋው ይጨምራላ! ጃንክሪ የሚባለው የኔፓል መንፈስ ጠሪ ግን ዋናው መሣሪያው ዲያንግሮ የተባለው ከበሮው ነው፤ በራሱ ላይ የሚደፋውም የላባ አክሊል ነው። ጥላሸቱም ቢሆን ብዙ አያስመካም። እንጨትን ከምድጃ በላይ ሰቅሎ ቅቤ መቀባት ለማንም አይከብድም።

ከሐሰተኛው ይልቅ የሚያሳምመው ግን እውነተኛው ነው። የኔፓሉ ሠዓሊና የታሪክ ሰው ላይን ሲንግ ባንግዴል እ.ኤ.አ. በ1989 ከየአደባባዩና ከየመቅደሱ የተሰረቁ ምስሎችን ፎቶግራፍ ሰብስቦ አሳተመ። መጽሐፉ የሌባ ማስረጃ መዝገብ ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ሁለት የባይራቭ የብረት ጭምብሎች ተሰረቁ። በየዓመቱ ለአምልኮ ይወጡ የነበሩ ናቸው፤ ሌቦቹ የገቡት ጭምብሎቹን የሠሩት ሰዎች ዘሮች ቤት ነው። በሆንግ ኮንግ በኩል አልፈው አንደኛው ኒው ዮርክ፣ ሌላው ዳላስ፣ ሁለት ሙዚየሞች ውስጥ ገቡ። የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ይዞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለኔፓል ሲመልሳቸው ሁለቱ በድምሩ 900 ሺህ ዶላር ተገመቱ። ለዚያ ቤተሰብ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። የሰረቁት ዕቃ ሳይሆን በዓል ነበር።

ይህን እኛ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። በብሪትሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ። ተሸፍነው ተቀምጠዋል፤ የሙዚየሙ ሰዎች እንኳ አያዩአቸውም። ማንም የማያየው የሙዚየም ዕቃ! ኔፓላውያን ግን የተመለሰውን ሁሉ መስታወት ውስጥ አላስገቡም። ከዳላስ የመጣው የላክሽሚ ናራያን የድንጋይ ምስል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ፓታን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰረቀበት መቅደስ ተመልሶ ቆመ። ሰውም እንደ ድሮው ቀይ ዱቄትና አበባውን ይዞ መጣ።

ይህን ሁሉ ሳወራ ተማሪዬ ሹካውን አስቀምጦ ነበር። በመጨረሻ “መምህር፣ የኔስ? የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት እኮ አለኝ” አለ። ሄዶ ከመሳቢያ አወጣው። የኔፓል የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ስለዚህ መንገደኛ የገዛውን ያስመረምራል፣ ጥንታዊ አለመሆኑ በማኅተም ይረጋገጥለታል። ልጁ ወረቀቱን ዓመታት ሙሉ የጥንታዊነት ምስክር አድርጎ አስቀምጦታል። መነጽሩን አድርጎ አንዴ አነበበው፤ ደገመው።

“ምን ይላል?” አለች ባለቤቱ ከወጥ ቤት።

“ከአገር እንዲወጣ ተፈቅዷል ይላል” አላት፤ አጥፎም ወደ መሳቢያው መለሰው።