ዋግሹም ጎበዜ በኮምፒውተር ማውጫ ውስጥ

የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን በ1860 ዓ.ም. አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በካሳ ምርጫ ድል እስኪሆኑ ድረስም ገዙ። ጎበዜ የራሳቸው ስም ነው፤ ገብረ መድኅን የአባታቸው፤ ዋግሹም ማዕረጋቸው፤ ተክለ ጊዮርጊስ የንግሥና ስማቸው። ከአራቱ የቤተሰብ ስም የትኛው ነው? አንዱም አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዳለው ደነገገ። ሕዝቡ ግን በሰቆጣም ሆነ በአዲስ አበባ በራሱና በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ።

ሕጉ ያልቻለውን ኮምፒውተር በዝምታ እየሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤክስ 500 የሚባል ዓለም አቀፍ የማውጫ ደንብ ወጣ። በ1993 ደግሞ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ቀለል ያለ መንገድ፣ ኤልዳፕ፣ ይፋ ሆነ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ስምና መለያ የሚይዙት በዚህ ዓይነት ማውጫ ነው። በደንቡ መሠረት አንድ ሰው ሲመዘገብ ሁለት ነገር ግዴታ ነው፦ መጠሪያና የቤተሰብ ስም።

የቤተሰብ ስሙ ቦታ ከጎደለ ሰርቨሩ ስህተት 65 ብሎ ምዝገባውን ይመልሳል። የግዕዝ ፊደሉ በዩቲኤፍ 8 ካልተላከም 21 ሊል ይችላል። በፒኤችፒ የተጻፈው ገጽ መልሱን ሳያይ ካለፈ፣ በኋላ ያንን ሰው ሲፈልግ ዜሮ መዝገብ ያገኛል፤ በሌለው መዝገብ ላይ ሊሠራ ሲሞክርም ይወድቃል። ባለሙያው የኤልዳፑን ሞጁል አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ሞጁሉ ግን ጤነኛ ነበር።

ምርመራው ቅደም ተከተል አለው። ግንኙነቱ ተሳክቷል? የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቷል? ፍለጋው ስንት መዝገብ መለሰ? ሰርቨሩ የሰጠው የስህተት ቁጥር ስንት ነው? ኮዱ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ መልሱን አይቶ መቀጠል ወይም መቆም አለበት።

ከዚህ የሚከብደው ባዶውን ቦታ መሙላት ነው። አንዱ ቢሮ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም ካስገባ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ዲግሪውና ፓስፖርቱ ያልተመሳሰለለት ወጣት ማንነቱን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች የአባትና የአያት ስም የየራሱ ቦታ ያለው አንድ የጋራ ደንብ ያውጡ፤ ግዴታ የሆነው ቦታም በምን እንደሚሞላ አብረው ይወስኑ። ይህ ውሳኔ ለፕሮግራም ጸሐፊው ብቻ የሚተው አይደለም።