ዕቃ ሠሪውን ማመጣጠን፦ እነሱ በነጥብ፣ እኛ በስድብ

እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይስ እየጣሉ፣ ታሪክ እየፈጠሩ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በ2004 አስማታዊ ዕቃ መሥራት ዋና ሥራው የሆነ «አርቲፊሰር» የሚባል ገጸ ባሕርይ ተጨመረበት። ጣጣውም አብሮ መጣ፤ ሰይፉንም ጋሻውንም ራሱ የሚሠራ ሰው ጓደኞቹን ሁሉ ሊበልጥ ነው! ስለዚህ የያኔው ሕግ ያስከፍለው ነበር፦ ወርቅ፣ ቀናት፣ ከልምድ ነጥቡም ጭምር። ጨርሶ እንዳይደኸይ ግን ለሥራው ብቻ የሚያወጣው ነጥብ በየደረጃው ይሰጠው ነበር።

እኛስ? በሰኮሩም በመላው ጅማም ብረት ቀጥቃጩ በኦሮምኛ «ቱምቱ» ይባላል። ማረሻው፣ የቡናው ገጀራ፣ ጦሩ የወጣው ከሱ ወናፍ ሥር ነው። በአባ ጅፋር ዘመን ያለሱ ማን ያርሳል፣ ማንስ ይዘምታል? ገበሬው ግን ልጁን አይድርለትም ነበር። ወደ ሰሜን ደግሞ «ቡዳ» ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ተፈራ። ኃይሉን ፈርተናል ማለት ነው፣ ልክ እንደ ጨዋታው ደራሲዎች። አርቲፊሰሩ ግን ከፍሎ ሰይፉን ይይዛል። የኛው ከፍሎም ብዙ ጊዜ ርስት አልነበረውም፤ ሂሳቡም ለልጁ ይተላለፋል።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ገቡበት፦ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ንጉሡን እንደሰደበ ይቆጠራል። መሬቱ ግን እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጠበቀ፤ ጋብቻው ከዚያም በኋላ።