የሩቅ መንገድ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም

ከመንግሥት ወደ መንግሥት፣ ከክፍለ ዓለም ወደ ክፍለ ዓለም እየተሻገረ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚካሄድ የአውቶሞቢል ውድድር ነው። ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባበት ዘመን፣ በ1907 እ.ኤ.አ.፣ አምስት መኪኖች ከፔኪንግ ተነሥተው ወደ ፓሪስ ሲገሠግሡ፣ ኢጣልያዊው ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ በኢታላ መኪናው ጎቢ ምድረ በዳንና ሳይቤርያን አቋርጦ 15,000 ኪሎ ሜትር ያህሉን ጉዞ በሁለት ወር ፈጽሞ ቀደመ። በዓመቱ ከኒው ዮርክ እስከ ፓሪስ የተደረገው ግን በትዕግሥት ረገድ ወደር የለውም፤ አሸናፊው ቶማስ ፍላየር በየካቲት በረዶ ተነሥቶ፣ ውቅያኖሱን በመርከብ ተሻግሮ፣ ፓሪስ የገባው በሐምሌ ነውና።

በርዝመት ከሁሉ ከላቁት አንዱ፣ ስኮትላንዳዊው አንድሩ ካውን በመርሴዲስ ያሸነፈበት የ1977 እ.ኤ.አ. የለንደን–ሲድኒ ውድድር፣ 30,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ከደብረ ማርቆስ በአማኑኤል በኩል ወደ ባሕር ዳር ለሚያልፍ ሾፌር መጠኑ እንዲገባው፣ ይህ ርቀት ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ሃምሳ ጊዜ ደርሶ መልስ ከመጓዝ ጋር ይተካከላል።