ረሃብ ያሰደደው ሰፋሪ፦ ከአየርላንድ እስከ ፓዌ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥተው በቡሬና በእንጅባራ በኩል ወደ ቻግኒ ሲወርዱ ደጋው እያለቀ ቆላው ይቀበልዎታል። ከዚያም ወደ በለስ ሸለቆ ሲዘልቁ ፓዌን ያገኛሉ። ፓዌ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ውስጥ ናት። በ1977 ዓ.ም. ግን መተከል የጎጃም ክፍለ ሀገር አንዱ አውራጃ ነበር፤ የክፍለ ሀገሩም ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ነበረች። በዚያን ጊዜ በሸለቆው የሆነውን ነገር ለመረዳት የአንድ ሩቅ ሕዝብ ታሪክ ይረዳናል።

እ.ኤ.አ. በ1845 በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ተመታ። ድሃው ገበሬ የሚኖረው በድንች ነበርና እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሰው በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። አገሪቱ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ አብዛኛው መሬትም የባለርስቶች እንጂ የአራሹ አልነበረም። ኪራዩን መክፈል ያቃተው ጭሰኛ ከጎጆው ይባረር ነበር።

ታዲያ እነዚህ ግፉዓን የገቡባቸው አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ባዶ አገሮች አልነበሩም። አብዛኞቹ በከተማ በጉልበት ሥራ ቢቀሩም፣ ሌሎቹ ከነባሮቹ ሕዝቦች በተወሰደ መሬት ላይ ገበሬ ሆኑ። ወታደር የሆኑም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1876 በሊትል ቢግሆርን ከላኮታና ከቼየን ተዋጊዎች ጋር ሲዋጋ የሞተው ሻምበል ማይልስ ኪዎ የአየርላንድ ተወላጅ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የቾክቶ ሕዝብ፣ ራሱ ከ1831 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት ከርስቱ ተነቅሎ እያለ፣ በ1847 ለአየርላንድ ረሃብተኞች 170 ዶላር አዋጥቶ ልኳል! የአየርላንድ ሰዎች ይህን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

አሁን ወደ ፓዌ እንመለስ። በ1977ቱ ድርቅ ደርግ ከተራቡት አካባቢዎች ሕዝብ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማስፈር ጀመረ። ከአንድ ዓመት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ተጓጓዘ። ከእነዚህም 80,000 የሚያህሉት ፓዌ ወረዱ፤ ብዙዎቹ ከወሎ፣ ሌሎችም ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ነበሩ። ከደቡብ የመጡት መካከል ወንጌላውያን ስለነበሩበት እምነታቸውንም ይዘው ነው ቆላ የገቡት። ፈቅዶ የሄደ አለ፤ ተገድዶ የተጫነም፣ ከቤተሰቡ የተለያየም አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወባ ብዙዎችን ጨረሰ። መንደሮቹ ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ በቁጥር ነው የተጠሩት።

መሬቱስ የማን ነበር? የጉሙዝ ሕዝብ ነበር። ጉሙዞች ዱሩን መንጥረው በመቆፈሪያ እያረሱ ማሽላና ዳጉሳ ይዘራሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መሬቱ እንዲያገግም ትተውት ወደ ሌላ ይዛወራሉ። ከዱሩ ማር፣ ሥራሥርና የአደን ሥጋ ያገኛሉ። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ያረፈው መሬትና ዱሩ ለእነርሱ የነገ ማሳና ጎተራ ነው፤ ለዕቅድ አውጪው ግን ባለቤት የሌለው ጠፍ መሬት መሰለው። በጣልያን መንግሥት ገንዘብ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት በትራክተርና በቡልዶዘር ዱሩን ሲመነጥር የጠየቃቸው የለም። በዚያ ላይ ጉሙዞች ከደገኛው ጋር የቆየ ቁስል ነበራቸው፤ አባቶቻቸው በባሪያ ፍንገላ ተወስደዋልና። ግድያና የደም ብቀላ ብዙ ሳይቆይ ጀመረ። ሰፋሪው በቀስት ሲገደል ጉሙዙም እየተገፋ ወደ ውስጥ ሸሸ።

በእርግጥ ፓዌ አሜሪካ አይደለችም። የወሎው ገበሬ መሬት ፍለጋ መርከብ አልተሳፈረም፤ ያለበትንም ቦታ የመረጠው እርሱ አልነበረም። ተገፍቶ ሌላውን የሚገፋ ሰው መሆኑ ግን ከአየርላንዱ ስደተኛ ጋር ያመሳስለዋል።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ፕሮጀክቱ ቆመ፤ ከሰፋሪዎቹም ብዙዎች ወደ ትውልድ ቦታቸው ተመለሱ። መተከል ግን አላረፈም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች በታጣቂዎች ተገድለዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት የ1977ቱ ሰፈራ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል፤ የአስተዳደር፣ የፖለቲካና የኢንቨስትመንት መሬት ጥያቄዎችም አሉበት። በዚያው በሰፈራው ዘመን ፓዌ የተወለዱት ልጆች ዛሬ ወደ አርባ ዓመት ተጠግተዋል፤ ከመካከላቸውም ወሎን ወይም ከምባታን በወላጆቻቸው ወሬ ብቻ የሚያውቁ አሉ።